ከመጠየቅ መጠበቅ፦ ኦቲዝም ካለበት ሕፃን ጋር ወለል ላይ መጫወት

ለወላጆች፣ ለሞግዚቶችና ለአጸደ ሕፃናት መምህራን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስንል ልጁ ዝም እንዲልልን ፊቱ የምናስቀምጠውን መጫወቻ ማለታችን አይደለም፤ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ሕፃን ወለል ላይ ተቀምጠው የሚመላለሱትን ነገር ማለታችን ነው።

ወደ ዘዴው ከመግባታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ስትጫወቱ አንድ ሰው በስልክ አምስት ደቂቃ ይቅረጻችሁ። ልጁ ከተኛ በኋላ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩና ቪዲዮውን እያያችሁ ቁጠሩ። በአንደኛው ልጁን ስንት ጊዜ እንደጠየቃችሁትና እንዳዘዛችሁት ጻፉ። በሁለተኛው ልጁ በራሱ ፈቃድ ስንት ጊዜ ወደ እናንተ እንደመጣ ጻፉ። ቀና ብሎ ማየት ይቆጠራል፤ እጅ መዘርጋት ይቆጠራል፤ ድምፅ ማውጣት ይቆጠራል፤ እጃችሁን ገፍቶ ማራቅም ሳይቀር ይቆጠራል። በብዙ ቤት የመጀመሪያው ዓምድ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሁለተኛው ባዶውን ያድራል። «ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ላም ምን ትላለች? እስቲ እየኝ! ማማ በል፤ በል እንጂ!» ለወላጅ ይህ ማስተማር ነው። ለልጁ ግን ፈተና ነው፣ ያውም ደወሉ የማይደወልለት ፈተና። መውጫው ፊትን ማዞር ብቻ ስለሆነ ፊቱን ያዞራል። እኛ ደግሞ ፊቱን ሲያዞር ያልሰማን መስሎን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንደግመዋለን።

የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ጥያቄውን ቀንሰን መጠበቅን መልመድ። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሥራው ግን ከባድ ነው።

ወለል ላይ ተቀምጦ ልጁን መከተል የሚለውን ዘዴ በስምና በሥርዓት ካስቀመጡት ሰዎች ግንባር ቀደሞቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪም ስታንሊ ግሪንስፓንና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሴሬና ዊደር ናቸው። ግሪንስፓን በ2010 እ.ኤ.አ. አርፏል። ሰፊው ማዕቀፍ ዲአይአር ይባላል፤ ሦስቱ ፊደላት እድገትን፣ የልጁን የግል ልዩነትና ግንኙነትን ይወክላሉ። ወለል ላይ የሚሠራው ክፍል ደግሞ ፍሎርታይም ነው። ከእሱ ጋር የሚዛመዱ፣ ግን የየራሳቸው አካሄድ ያላቸው ሌሎችም አሉ። በእንግሊዝ አገር የተፈተሸው ፓክት እና በአሜሪካ የሚሠራበት ፕሌይ ፕሮጀክት ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ሁሉም የሚጋሩት አንድ ሐሳብ አለ። ልጅ ቃል ከማውጣቱ ከብዙ ወራት በፊት ሌላ ነገር ይማራል፤ እኔ አንድ ነገር ሳደርግ ያ ሰው ይመልስልኛል፣ እሱ ሲመልስ እኔም እመልሳለሁ የሚለውን። ብዙዎቹ ሕፃናት ይህን በአንደኛ ዓመታቸው ውስጥ በፈገግታ፣ በድምፅና በእጅ ይለምዱታል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ላይ የሚሳሳው ይሄ መሠረት ነው። መሠረቱ ሳይኖር ቀለማትንና ቁጥሮችን ብናስጠና ልጁ ሊያጠና ይችላል፤ እስከ መቶ ቆጥሮ ውሃ ሲጠማው ግን ማንንም የማይጠራ ልጅ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ የምታውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አትሆኑም።

ቤቱን ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ድምፁን መቀነስ አይበቃም። ስልኮች ከዓይን ይሰወራሉ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ይነጠፋል። መጫወቻ ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጥም፣ የቀረው በካርቶን ተከቶ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሃያ መጫወቻ የተዘረገፈበት ክፍል ውስጥ ልጁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ይውላል፣ እናንተም ከኋላው ስትሮጡ ትውላላችሁ። ከተቻለ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለእናንተ አድርጎ እንዲቀመጥ አመቻቹት። እናንተ ከዓይኑ ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ በሉ፤ በርጩማ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማውራት አይሠራም። አንድ ሰው ብቻ ይጫወት። እናት፣ አያትና ሞግዚት በአንድ ጊዜ «ና እዚህ!» ሲሉት ልጁ ማንንም አይሰማም።

አሁን አንድ ጨዋታ በቅርብ እንይ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ አይናገርም እንበል። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ በሶፋው ሥር በመስመር ይደረድራል። የተለመደው ምላሻችን ሁለት ነው። አንዱ ቆርኪውን ወስዶ መኪና መስጠት፣ ሌላው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ማስቆጠር። ሁለቱንም እንተዋቸው። እናትየዋ ምንጣፉ ላይ ከጎኑ በሆዷ ትተኛለች። ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አትናገርም፤ የሚያየውን ታያለች። ከዚያ አንድ ቆርኪ አንስታ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ታስቀምጣለች። ልጁ ገፍቶ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይከፋዋል፤ መከፋት አይገባም፣ ልጁ መልስ ሰጥቷልና። «ኦ! አይሆንም!» ትላለች፣ ፊቷን በግነት አኮማትራ፣ በለሆሳስ።

ቀጥሎ ብልሃቱ ይመጣል። ቆርኪዎቹን በእጇ ሰብስባ አንድ በአንድ ታቀብለዋለች። እሱ ይቀበልና ይደረድራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ በተመሳሳይ ፍጥነት ትሰጠዋለች። በአራተኛው እጇን ዘርግታ ታቆማለች፤ ቆርኪው መዳፏ ላይ አለ፣ እጇ ግን መሐል መንገድ ላይ ቀርቷል። ዝም። በሆዷ እስከ አስር ትቆጥራለች። ልጁ መጀመሪያ እጇን ያያል። ከዚያ፣ ምናልባት ለቅጽበት፣ ፊቷን ያያል። ወዲያው «እንካ!» ብላ ትሰጠዋለች። በዚያች ቅጽበት አንድ ዙር ተከፍቶ ተዘጋ ማለት ነው። እሷ ከፈተች፣ እሱ መለሰ። በሚቀጥለው መዳፏን ትጨብጣለች። ልጁ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይፈለቅቃል። ሁለት ዙር። ከዚያ ቆርኪውን ከግንባሯ ላይ ታስቀምጥና ራሷን ዘንበል ስታደርግ ይወድቃል፤ «ወደቀ!» ልጁ ከሳቀና ቆርኪውን አንስቶ ወደ ግንባሯ ከመለሰው ጨዋታው ከመደርደር ወጥቶ የሁለት ሰው ሆኗል። የመለሰው እሱ ነው፤ ዙሩን የከፈተው እሱ ነው። ይህን የመሰለ ምልልስ አምስት ጊዜ ሳይቋረጥ ከሄደ ለመጀመሪያው ሳምንት ትልቅ ድል ነው። ወደፊት የምንፈልገው ሃያና ሠላሳ ዙር በተከታታይ ነው።

በነገራችን ላይ ዕቃ ወደ አፉ የሚከት ልጅ ቆርኪ አይሰጠውም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። የጀሪካን ክዳን ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

አስር መቁጠር ለምን? ብዙዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሰሙትንና ያዩትን ለማብላላት፣ ከዚያም ሰውነታቸውን አዝዘው ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። እኛ በሁለተኛው ሰከንድ ጥያቄውን ስንደግም ልጁ ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ከደገምን ሦስት ጊዜ አቋረጥነው ማለት ነው። ስለዚህ ዝምታው ባዶ ጊዜ አይደለም፣ የልጁ ተራ ነው። በዝምታው ጊዜ ፊታችሁ ግን ዝም አይበል፤ ቅንድባችሁ ከፍ፣ አፋችሁ ገርበብ ብሎ አንድ ነገር እንደምትጠብቁ ይታይ። ዓይንን ወደ ግድግዳ ተክሎ መጠበቅ ልጁን ትቶ እንደመሄድ ነው።

ለመጠበቅ የተሠራ ጨዋታ ከፈለጋችሁ አኩኩሉ አለላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ካርድና መጫወቻ ስንፈልግ የራሳችንን እንረሳለን። ትንሹ ልጅ ነጠላ ይከናነባል፤ እናት «አኩኩሉ!» ትላለች፤ እህት «አልነጋም!» ትመልሳለች፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ይሉና «ነጋ!» ተብሎ ነጠላው ይነሳል። ሦስት ጊዜ ሳትለውጡ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ ልጁ ምን እንደሚመጣ ይወቅ። በአራተኛው «ነ…» ብላችሁ ቁሙ። ልጁ ነጠላውን ራሱ ሊገፍፈው ይችላል፣ ሊንፈራገጥ ይችላል፣ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። የትኛውም ይበቃል። ቃሉን እስኪል አትያዙት። መከናነብ የሚያስፈራው ልጅ ከሆነ ነጠላውን እናንተ ተከናነቡና እሱ ይግለጣችሁ።

ጉርሻም እንዲሁ ነው። ምሳ ላይ ጉርሻውን አፉ አጠገብ አድርሳችሁ ጠብቁት፤ አፉን ከፍቶ ወደ እናንተ ሲጠጋ አጉርሱት። ቀጥሎ እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ ጠብቁ። አንድ ቀን ቁራሽ እንጀራ ወደ አፋችሁ ይመጣል፤ ወጡ ልብሳችሁ ላይ ቢፈስም ችግር የለውም።

ልጁ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ዙር ለመክፈት ይጠቅማል ብንልም ማደናቀፍ የሚባለው ብልሃት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጁ በር ሲከፍትና ሲዘጋ እግራችሁን በሩ ሥር ማስገባት፣ የሚወደውን ኳስ ክዳኑ የጠበቀ ግልጽ ዕቃ ውስጥ መክተት፣ ጫማ ሲያደርግ አንዱን ጫማ የእናንተ እግር ላይ መለካት፣ እነዚህ ሁሉ ማደናቀፎች ናቸው። ዓላማቸው ልጁ ችግሩን ለመፍታት እናንተን እንዲጠቀም ነው። ልኩን ካለፉ ማስጨነቅ ይሆናሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ልጁ ወደ እናንተ ከቀረበ ማደናቀፉ ሠርቷል፤ ካለቀሰ፣ ራሱን ከመታ ወይም ጥሏችሁ ከሄደ ከብዷል። ሲከብደው ወዲያው አቃልሉ፤ ክዳኑን ግማሽ ክፈቱለትና የቀረውን እሱ ይጨርሰው። ልጁ እናንተን ገና ባልለመደበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ጨርሶ አታደናቅፉ፤ አጅቡት ብቻ። ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት «ስጠኝ በል፣ ካላልክ አልሰጥህም» ብሎ ዕቃ መያዝ ነው። ልጁ ከዚህ የሚማረው እናንተ ባላችሁበት ፍላጎቱ እንደማይሟላ ነው።

አንዳንድ ቀን ይህ ሁሉ አይሠራም። ከሰውየው ወይም ከጨዋታው ይልቅ የልጁ ሰውነት ያለበት ሁኔታ ይሆናል ምክንያቱ። ዲአይአር የልጁ የግል ልዩነት የሚለው ይህንን ነው። አንዱ ልጅ ድምፅ ይበዛበታል፤ የብሌንደር ጩኸት ጆሮውን ያስይዘዋል። ሌላው ስሙ አምስቴ ቢጠራ አይሰማውም፤ ሰውነቱ የደከመ፣ እንደ ተኛ ያለ ነው። ሌላው ደግሞ ካልዘለለ፣ ካልተሽከረከረ አይሆንለትም። ለመጀመሪያው ልጅ በሹክሹክታ፣ በዝግታ፣ በደብዛዛ ብርሃን ተጫወቱ። ለሁለተኛው ተቃራኒውን አድርጉ፤ ድምፃችሁን ሞቅ፣ እንቅስቃሴያችሁን ፈጠን አድርጉ፣ መዳፉንና እግሩን ጫን ጫን እያላችሁ አንቁት። ለሦስተኛው ቁጭ በል ማለት ከንቱ ነው፤ ጨዋታው ራሱ እንቅስቃሴ ይሁን።

ለዚህኛው ጋቢ ይጠቅማል። ወፍራም ጋቢ ውሰዱ፣ ነጠላ አይሆንም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አራቱን ጫፍ ይያዙ፤ ሥሩ ፍራሽ ይነጠፍ፤ ልጁ ከፍራሹ ከአንድ ስንዝር ከፍ አይበል። ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ማቆም፣ መጠበቅ። ልጁ ሰውነቱን ሲያወዛውዝ፣ ሲያያችሁ ወይም ጋቢውን ሲጎትት «እንደገና!» ብላችሁ ቀጥሉ። ፊቱ ከገረጣ፣ ካዛጋ ወይም ካላበው አቁሙ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ እንዲህ ካለው ጨዋታ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

ሊጥ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ወደ አንድ ኩባያ የሚጠጋ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምራችሁ አቡኩ። አሸዋማ ሆኖ ከተሰበረ ውሃው አንሷል፤ እጅ ላይ ከተለጠፈ ዱቄት ጨምሩ። ሊጡን የሚበላ ልጅ ከሆነ ጨውን ተዉት፣ ብዙ ጨው ሕፃንን ይጎዳል፤ ጨው የሌለበት ሊጥ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ ተጫውቶ ይጣል።

ወደ ቋንቋ እንምጣ፣ እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ የራሱ ጣጣ አለው። የሚሠራበት ደንብ ከልጁ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነው። የማይናገር ልጅ ድምፅና ነጠላ ቃል ይሰማ። ነጠላ ቃል የሚናገር ሁለት ቃል ይሰማ። «ልጄ፣ እስቲ አሁን ደግሞ ቀዩን ኳስ ወደ እኔ ወርውርልኝ» ከሚለው ረጅም ንግግር «ወርውር!» ይሻላል። አማርኛ በዚህ ይረዳናል፤ «ወደቀ»፣ «በቃ»፣ «ስጪኝ»፣ «እንሂድ» እያንዳንዳቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። የሚያስቸግረው ግሱ ራሱ ማን ለማን እንደሚናገር መሸከሙ ነው። ብዙዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሰሙትን እንዳለ ይዘው ይደግማሉ። እናት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስትል የከረመች እንደሆነ ልጁ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ» ይላል። እየቀለደ ወይም እያፌዘ አይደለም፤ ውሃ ሲመጣ የሚሰማውን ቃል ለውሃ መጥሪያ አድርጎታል። ትልቅ ብልሃት ነው። «እፈልጋለሁ በል!» ብላችሁ አትቆጡት። በእሱ ቦታ ሆናችሁ ተናገሩለት፤ ወደ ማሰሮው ሲያይ «ውሃ ስጪኝ!» በሉና ስጡት።

ጾታውም እንዲሁ። እናት ወንድ ልጇን ቀኑን ሙሉ «ክፈት» ስትለው፣ እሱ ቃሉን ሲያነሳው እሷኑ «ክፈት» ይላታል። ስለዚህ የታሸገውን ብስኩት ወደ እናንተ ሲገፋው የእሱን ቃል ተናገሩ፤ «ክፈቺው!» ከዚያ ክፈቱለት። ሴት ልጅ ከአባቷ ጋር ስትሆን ደግሞ «ክፈተው!» ትስማ። አባቶች ይህን ስንነግራቸው ይስቃሉ፤ ሁለት ሳምንት ሞክረው ግን ልዩነቱን ያዩታል።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ሌላ ነገር አለ፤ አማርኛውን ትተን በእንግሊዝኛ ብቻ እናውራው ወይ? አንዳንድ ባለሙያም እንዲህ ሲል ይሰማል። በሁለት ቋንቋ ያደጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ካደጉት ይልቅ በቋንቋ ወደ ኋላ እንደማይቀሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ለጨዋታ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይሰፋል። እናት በተማረችው ቋንቋ ልታዝዝ ትችላለች፤ ልታቆላምጥ፣ ልትቀልድ፣ «የኔ ጌታ፣ የኔ ማር» ልትል ግን ልቧ ያለው በአማርኛ ነው። ቋንቋው ከተወሰደባት ዝም ትላለች፣ ቤቱም ዝም ይላል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማስታወሻ፦ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በአገሪቱ ሕግ መሠረት በየግዛቱ የቅድመ ልጅነት ድጋፍ አለ፤ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ልጁ በሚውልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ባለሙያዋ ስትመጣ ምንጣፉ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ። ልጁን አስረክቦ ወጥ ቤት መግባት የሰዓቱን ትልቁን ጥቅም ማጣት ነው።

ስንት ሰዓት? ግሪንስፓን በቀን ከስድስት እስከ አስር ጊዜ፣ በየጊዜው ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይል ነበር። እውነቱን እንነጋገር፣ ከሥራ ወደ ቤት በሁለት ታክሲ ለምትመለስ እናት ይህ የሚሆን አይደለም። ፕሌይ ፕሮጀክት በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከአስራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ እየተከፋፈለ ይላል። ፓክት ከወላጅ የሚጠብቀው በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። የእኛ ምክር በቀን ሦስት ጊዜ፣ አስራ አምስት አስራ አምስት ደቂቃ ጀምሩ የሚል ነው። ቀሪው በመታጠብ፣ በመልበስና በመብላት ውስጥ ይግባ፤ ሸሚዝ ሲለብስ ጭንቅላቱ የሸሚዙ አንገት ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ «የታለ?» ማለት የተለየ ሰዓት አይጠይቅም። ሞግዚት ካለች ከሁላችን በላይ ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት፤ ይህን ንግግር መስማት የነበረባትም እሷ ናት። ቪዲዮውን አብራችሁ እዩ፣ የሠራችውን ጥሩ ነገር አሳዩዋት።

ማስረጃው ምን ይላል? እዚህ ላይ ማጋነን ወላጅን ማታለል ነው። ፓክት የተፈተሸው ሁለት ዓመት ሞልቷቸው አምስት ዓመት ባልሞላቸው 152 ልጆች ላይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው ውጤት ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ምላሽ በግልጽ ተሻሽሏል፤ በኦቲዝሙ ምልክቶች ላይ የታየው ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ልጆቹን ከሕክምናው ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ተከታትለው ሲያዩዋቸው ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ፕሌይ ፕሮጀክት በ128 ቤተሰቦች ላይ ተፈትሾ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት የወላጅና የልጅ መግባባት ተሻሽሏል፤ በቋንቋ ፈተና ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «በስድስት ወር እናናግርላችኋለን» የሚላችሁን ሰው ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡት። ኦቲዝም የሚድን በሽታ አይደለም፤ የጨዋታው ዓላማም ልጁን ሌላ ልጅ ማድረግ አይደለም። የባህሪ ሥልጠና፣ ማለትም ኤቢኤ የሚከተሉ ባለሙያዎችም አሉ። ከዚያ ወገን የመጡ አዳዲስ ዘዴዎች ዛሬ ወለል ላይ ወርደው ልጁን መከተል ጀምረዋል፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ክፍሉ ውስጥ የሚደረገውን ተመልከቱ። ልጁ ይስቃል? ባለሙያው ይጠብቀዋል? እናንተ እንድትገቡ ይፈቀዳል?

ከጨዋታው ቀድሞ ግን የጆሮ ምርመራ ይደረግ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ አንዳንዴ የማይሰማ ልጅ ነው። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው አፉን የሚፈታ» እየተባለ ሁለት ዓመት ይባክናል። ጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ከጠበል መልስ ምንጣፉ ላይ መቀመጥ የሚከለክል የለም።

በአገራችን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ተመሥርቶ በሩን ሲከፍት ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከትሎ መጣ። ዛሬም ቢሆን ፈላጊውና ቦታው አይመጣጠኑም፣ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ለሆኑ ልጆች አሳዳጊዎች የሚሰጥ ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ከፍተኛ ስፔሻሊስት ሳይሆኑ በሠለጠኑ ሰዎች ሊመራ ይችላል። በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ከትምህርቶቹ መካከል ልጁን ወደ ጋራ ጨዋታ ማምጣትና የአሳዳጊውን የራሱን ጤንነት መጠበቅ ይገኙበታል፤ ሁለተኛውን እንደ ትርፍ ነገር የምታዩት እንዳትኖሩ። ያልተኛች እናት አስር አትቆጥርም።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እንመልስ።

«ልጄ አጠገቡ ስቀመጥ ተነስቶ ይሄዳል፤ ምን ልሥራ?» ተከተሉት፣ አትያዙት። መሄዱ ራሱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ከበሩ ጋር ሲደርስ ቀድማችሁ ቁሙና «ያዝኩህ!» በሉት። ከሸሸ ርቀታችሁን አስፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሜትር ርቃችሁ የእሱን የመሰለ ቆርኪ ይዛችሁ የሚያደርገውን አድርጉ። ጀርባ ሰጥቷችሁ እንኳ በጆሮው ይከታተላል። በየቀኑ አንድ ስንዝር ቅረቡ፤ ካልተነሳ ነገም እዚያው ቦታ፣ ከተነሳ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ።

«ታላቅ እህቱስ?» የስምንት ዓመት ልጅ ከእኛ ይልቅ ጥሩ ተጫዋች ናት፣ ምክንያቱም ለማስተማር አትቸኩልም። ሦስት ነገር ብቻ ንገሯት፤ እሱ የያዘውን አትውሰጂ፣ አትጠይቂው፣ ካቆምሽ በኋላ በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ። አኩኩሉ ላይ «አልነጋም!» የማለቱ ሥራ የእሷ ይሁን። ሞግዚቱ ግን አታድርጓት፤ አስር ደቂቃ ከተጫወተች ይበቃታል፣ ሲሰለቻት ትሂድ። እሷም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ወንድሟ በሌለበት፣ ለብቻዋ ወለል ላይ የምትቀመጡላት ሃያ ደቂቃ ይኑራት። ያን ጊዜ ጨዋታውን የምትመርጠው እሷ ናት፤ ድብብቆሽ ቢሆንም፣ ሰኞ ማክሰኞ ቢሆንም።